ጦማር ለምን እናነባለን? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጦማር የሚያነብ ሰው በቀላሉ ከማይላቀቁት ጥያቄዎች ጋር ይኖራል። ምኑ ይወደዳል? የትኛው ይሻላል? የት ይገኛል? ይታመናል ወይ? ለብዙ ዓመታት ጠዋት ጠዋት ሁለት ሦስት ጦማር ሳላይ ሥራ ጀምሬ ስለማላውቅ የምመልሰው እንደ አንባቢ ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጦማር ስንል ምን ማለታችን ነው?

አንድ ሰው፣ አንዳንዴም ጥቂት ሰዎች ተባብረው፣ በራሳቸው ድረ ገጽ ላይ በየጊዜው የሚያወጡት ጽሑፍ ነው። እያንዳንዱ ጽሑፍ ቀን ይጻፍበታል፤ አዲሱ ከላይ ይቀመጣል፣ የቆየው ወደ ታች ይወርዳል፤ እያንዳንዱም የራሱ ቋሚ አድራሻ አለው። የርዝመት ልክ የለውም። ዛሬ በሦስት መስመር ያለቀው ነገር ነገ በአምስት ሺህ ቃላት ሊመለስ ይችላል። የጋዜጣ ዓምድ የሚጽፍ ሰው ገጹ የሚሰጠውን ቦታና አርታኢው የሚቆርጠውን ቀን ያከብራል፤ ጦማሪ ግን የሚጽፈውም የሚያርመውም የሚያወጣውም ራሱ ነው። ጉድለቱም ውበቱም ከዚሁ ይመነጫል።

ስሙ ከየት መጣ?

በእንግሊዝኛ መጀመሪያ የተሰጠው ስም «ዌብሎግ» ነበር፤ የድር መዝገብ እንደ ማለት። ቃሉን በዲሴምበር 1997 የተጠቀመበት ጆርን ባርገር ነው፤ በየቀኑ ኢንተርኔት ላይ ሲያነብ ያገኘውን ሁሉ በገጹ ላይ ይመዘግብ ነበርና። በ1999 ፒተር ሜርሆልዝ የተባለ ሌላ ጸሐፊ በገጹ ጠርዝ ላይ ቃሉን እንደ ቀልድ ሌላ ቦታ ከፈለና «ዊ ብሎግ» አለው፤ «እኛ እንጦምራለን» መሆኑ ነው። ከዚያ ወዲህ «ብሎግ» ብቻ ሆኖ ቀረ። በ2004 ሜሪያም ዌብስተር መዝገበ ቃላት የዓመቱ ቃል ብሎ መረጠው።

አማርኛችን የመረጠው ቃል ግን ከዚህ ሁሉ ይበልጥብኛል። ጦማር በግዕዝ ደብዳቤ ነው፤ የተጻፈበት ክርታስ። መዝገብ ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ ሊኖር ይችላል፤ ደብዳቤ ግን የሚደርሰው ሰው አለው። ሰዎች ለምን ጦማር እንደሚወዱ ስጠየቅ መልሴ ሁልጊዜ ወደዚች ቃል ይመለሳል።

ታዲያ ሰዎች ጦማር ማንበብ የሚወዱት ለምንድን ነው?

ምክንያቱ ብዙ ነው፤ እኔ ከሁሉ አስቀድሜ የማነሣው ሰውን ቀስ በቀስ የማወቅ ደስታ ነው። መጽሐፍ ጸሐፊውን ተሰናድቶ፣ ልብሱን አስተካክሎ ያቀርብልናል። ጦማር ያንኑ ሰው በሰኞ ድካሙ፣ በሐሙስ ደስታው፣ ከአምስት ዓመት በኋላ ደግሞ ሐሳቡን ለውጦ ያሳየናል። ማንም ሳያስተዋውቃችሁ ትተዋወቃላችሁ።

ለረጅም ጊዜ የማነበው የአንድ ሰዓት ሠሪ ጦማር አለ። ስለ ሰዓት የማውቀው ነገር አልነበረም፤ ዛሬም አንዲት ሰዓት ፈትቼ መግጠም አልችልም። ሌላ ነገር ስፈልግ ነው በአጋጣሚ የገባሁበት። የዚያን ቀን የጻፈው ከጥፍር ስባሪ ስለምታንስ አንዲት ሞላ ነበር። በወረንጦ ይዟት ሳለ ተስፈንጥራ ጠፋችበት። ሰውየው ትንሹም ነገር ጥላ እንዲጥል መብራቱን ወለሉ ላይ አጋድሞ በጉልበቱ እየዳኸ ፈለገ። ማግኔት በክር አንጠልጥሎ ምንጣፉን ከዳር እስከ ዳር አሰሰ። ወለሉን ጠርጎ ጥራጊውን በነጭ ወረቀት ላይ በተነና በአጉሊ መነጽር አየው። በማግስቱ ማታ ሸሚዙን ሲያወልቅ ከተጠቀለለው እጅጌው ውስጥ ዱብ አለች። ጽሑፉ የሚያበቃው ሰዓቷ አሁን በቀን አራት ሰከንድ እንደምትቀድም በመናገር ነው፤ ሌላ ምንም አላለም። በዚያው ቀን ወደ ኋላ እየሄድኩ አሥራ አንድ ጽሑፍ አነበብኩ። አንድ ሰው ማንም ለማያያት ነገር ሁለት ቀን ሙሉ እንዲህ ሲጨነቅ ማየት ለካ እንዲህ ያስደስታል!

ሁለተኛው ምክንያት ጽሑፉን ማንም ያላዘዘው መሆኑ ነው። ጋዜጣ «አንባቢ ይህን ይፈልጋል» ብሎ ይጀምራል፤ ጦማሪ «ይህ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ አለ» ብሎ ይጀምራል። ስለዚህ በየትኛውም መጽሔት ቦታ የማያገኙ ጉዳዮች እዚህ ቤት አላቸው፦ የድሮ ባቡር ጣቢያዎች ሰሌዳ፣ የአንድ ፊደል ቅርጽ ታሪክ፣ ጆሮው እየደከመ የሄደ ሰው የሚሰማውና የማይሰማው ድምፅ። በጉዳዩ ፍቅር የተያዘ ሰው ሲጽፍ ፍቅሩ ይጋባል።

ሦስተኛው ደግሞ ብቸኝነትን ማቅለሉ ነው። ያልተለመደ ሕመም ያለበት፣ በእኩለ ሌሊት ሕፃን የሚያባብል፣ ወይም ሰው ሁሉ የማይገባው ሙያ ውስጥ ያለ ሰው የራሱን ነገር በሌላ ሰው ቃል ተጽፎ ሲያገኝ እፎይ ይላል። ሐኪሙ በሽታው ምን እንደሆነ ይነግረዋል። ጦማሪው ግን ከበሽታው ጋር ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ እንዴት እንደሚዋል ይነግረዋል።

ማኅበራዊ ሚዲያ እያለ ጦማር ለምን ያስፈልጋል?

ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ምን እንደምናይ የሚወስነው በአብዛኛው አልጎሪዝም የሚባለው የኮምፒውተር ስሌት ነው። ዛሬ ያየነውን ነገ ብንፈልገው አናገኘውም፤ ጽሑፉ በመቶ ሌሎች ጽሑፎች መካከል ተጣብቆ ስለሚመጣ ማን እንደጻፈው እንኳ ልብ ሳንል እናልፋለን። ጦማር ጋ የምንሄደው በራሳችን እግር ነው። በሩን አንኳኩተን ገብተን፣ አንብበን ስንጨርስ ገጹ ያልቃል። የሚያልቅ ነገር ማንበብ በዛሬው ጊዜ ትልቅ ዕረፍት ነው።

የርዝመቱም ጉዳይ አለ። አንዳንድ ሐሳብ በአጭሩ ሲነገር ውሸት ይሆናል። «እንደዚህ ይመስለኛል፣ ነገር ግን…» የምትለዋ «ነገር ግን» ቦታ ትፈልጋለች፤ ጦማር ቦታ አለው።

መቼ ተጀመረ?

ከቀደምቱ አንዱ ተብሎ የሚጠቀሰው ጀስቲን ሆል ነው፤ በ1994 የኮሌጅ ተማሪ ሳለ ስለ ራሱ ሕይወት በድረ ገጽ መጻፍ ጀመረ። ያኔ ገጽ ለመክፈት ኮድ ማወቅ ግድ ነበር። በ1998 ኦፕን ዳየሪ፣ በ1999 ላይቭጆርናልና ብሎገር የተባሉት የጦማር መክፈቻ አገልግሎቶች ሲመጡ ግን መጻፍ የሚችል ሁሉ ማውጣትም ቻለ። ዎርድፕሬስ በ2003 ተከተለ። የጦማር ታሪክ ዋናው መታጠፊያ ይህ ይመስለኛል፤ ከዚያ በፊት የኮምፒውተር ባለሙያዎች ጨዋታ ነበር፣ ከዚያ በኋላ የነርሷም የመምህሩም የጡረተኛውም ሆነ።

ተወዳጅ ከሆኑት ጦማሮች መካከል የትኞቹን ይጠቅሳሉ? ምን አስወደዳቸው?

ከአንድ ጀምሮ ማቆም ይከብዳል፤ በተለያየ ምክንያት የተወደዱትን ጥቂት ላንሣ።

ኢራቅ በ2003 በተወረረች ጊዜ ባግዳድ ውስጥ ሆኖ የሚጽፍ አንድ ወጣት ነበር። የብዕር ስሙ «ሰላም ፓክስ» ነው፤ በዓረብኛና በላቲን «ሰላም ሰላም» ማለት። የጦማሩ ርእስ «ራኢድ የት አለ?» ይላል። ራኢድ ለትምህርት ዮርዳኖስ የሄደ ጓደኛው ነው፤ ኢሜይል ሲላክለት ቶሎ አይመልስም ነበርና ሰላም ጓደኛው ገብቶ እንዲያነበው ብሎ ጦማር ከፈተለት። ለአንድ ዝምተኛ ጓደኛ የተጻፈውን ደብዳቤ ዓለም ሁሉ አነበበው። የጦር አዛዦች መግለጫ የማይነግረውን ነገር፣ በፍንዳታዎች መካከል ቤት ውስጥ ምን እንደሚደረግ፣ ከእርሱ ሰማን። አጻጻፉ ለጓደኛ እንጂ ለሕዝብ ስላልነበረ ነው ሕዝብ ያመነው።

የጄሰን ኮትኬ ጦማር ከ1998 ጀምሮ አለ። ከሥነ ጥበብም ከሳይንስም ከስፖርትም ያገኘውን እየመረጠ ከአጭር ማብራሪያ ጋር ያቀርባል። አንባቢ የሚመለሰው ለሰውየው ምርጫ ሲል ነው፤ የሚያምኑት ጓደኛ «ይህን እይ» ሲል እንደሚታየው። ማሪያ ፖፖቫም በ2006 ለሰባት የሥራ ባልደረቦቿ በየሳምንቱ በምትልከው ኢሜይል ጀመረች። በ2021 «ዘ ማርጂናሊያን» ብላ ስሙን የቀየረችው ይህ ጦማር የቆዩ መጻሕፍትን፣ ደብዳቤዎችንና ማስታወሻዎችን እየገለጠ አንዱን ሐሳብ ከሌላው ጋር ያገናኛል። አንድ ጽሑፍ ጨርሰው ሁለት መጽሐፍ ፍለጋ የሚወጡበት ዓይነት ነው።

ባለሙያዎች ከመድረክ ወርደው የሚጽፉባቸውም አሉ። ቴሬንስ ታኦ በ2006 በሒሳብ ትልቁን ክብር፣ የፊልድስ ሜዳሊያን፣ ያገኘ ሰው ነው፤ በ2007 ጦማር ከፈተ። እኔ ሒሳቡን አልከተለውም። ለተማሪዎች የጻፋቸውን ምክሮች ግን ደጋግሜ አንብቤአለሁ። ሒሳብ ለመሥራት የግድ ልዩ አእምሮ ይዞ መወለድ ያስፈልጋል ወይ ለሚለው ጥያቄ ያለማወላወል «አያስፈልግም» ብሎ ይመልሳል፤ ትጋት፣ ትዕግሥት፣ ጥሩ ጥያቄ ማንሣትና ከሌሎች ጋር መሥራት ይበቃል ይላል። ይህን ከዚያ ከፍታ ላይ ያለ ሰው ሲናገረው ዋጋው ሌላ ነው። ሌላው የሒሳብ ሊቅ ቲሞቲ ጋወርስ ደግሞ በጃንዋሪ 2009 በጦማሩ ላይ አንድ ከባድ ጥያቄ አቀረበና «ኑ አብረን እንፍታው» አለ። ሊቃውንቱም መምህራኑም በአስተያየት መስጫው እየተቀባበሉ ሁለት ወር ሳይሞላ መፍትሔው ላይ ደረሱ። የሳተው ሙከራ፣ የተሰረዘው ሐሳብ ሁሉ በግልጽ ስለተቀመጠ፣ ሊቅ ሲያስብ ምን እንደሚመስል ማንም ሰው ማየት ቻለ።

ቋንቋ ለሚወድ ሰው «ላንጉጅ ሎግ» አለ፤ በ2003 በሁለት የሥነ ልሳን ምሁራን፣ በማርክ ሊበርማንና በጄፍሪ ፑለም፣ ተጀመረ። ጋዜጣ ስለ ቋንቋ የሚጽፈውን እየመረመሩ ልክ ካልሆነ ለምን ልክ እንዳልሆነ ያሳያሉ። ሰዎች በስሕተት ሰምተው፣ ነገር ግን ትርጉም በሚሰጥ መንገድ የሚቀይሯቸውን አባባሎች የሚያመለክት አዲስ የእንግሊዝኛ ስያሜ በዚሁ ጦማር ተወልዶ መዝገበ ቃላት ገብቷል።

ከሁሉ ይልቅ ልቤ ያለው ግን በአንድ ሦስት መቶ ዓመት በላይ ባስቆጠረ የዕለት ማስታወሻ ላይ ነው። ሳሙኤል ፒፕስ የለንደን የባሕር ኃይል ሹም ነበር፤ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1660 እስከ ሜይ 31 ቀን 1669 የዕለት ውሎውን ጻፈ። ፊል ጋይፎርድ የተባለ ሰው በጃንዋሪ 1 ቀን 2003 ይህን ማስታወሻ በጦማር መልክ፣ በየቀኑ የዕለቱን ብቻ፣ ማውጣት ጀመረ። አንባቢዎች ከሥር እየገቡ ያልታወቀውን ቃል ይፈቱ፣ የጠፋውን መንገድ በካርታ ያሳዩ ነበር። እስቲ አስቡት፦ ስድስት ዓመት ከስምንት ወር ሙሉ ሰውየው ስለ ሥራው፣ ስለ ትዳሩ፣ ስለ ሆዱ ሕመም ሲጽፍ ተከትላችሁት፣ በሴፕቴምበር 2 ቀን 2009 ገጹን ስትከፍቱ ለንደን በእሳት ተያይዛለች። በሦስተኛው ቀን ፒፕስ ጉድጓድ ቆፍሮ ወይኑንና የፓርሜዛን አይቡን ይቀብራል። በመጽሐፍ ያነበበ ሰው ቃጠሎው እንደሚመጣ ያውቃል፤ ሁለት ገጽ ገልጦ ይደርስበታል። ቀን በቀን የተከተለው ግን እሳቱ የደረሰበት በሚያውቀው ሰው ሰፈር ነው። ጊዜን ጨምሮ ማንበብ ምን እንደሚያደርግ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

አዲስ ጦማር ሳገኝ ከየት ልጀምር?

ከላይ ያሉትን ሦስት አራት ጽሑፎች አንብቡ። ካልሳቧችሁ ተዉት፤ ግዴታ የለባችሁም። ከሳቧችሁ ግን ወደ መጀመሪያው ጽሑፍ ሂዱ። የመጀመሪያው ጽሑፍ አብዛኛውን ጊዜ አጭር ነው፤ «ማንም ያነበዋል ብዬ አላስብም» የምትል ነገር አታጣም። ያንን ካነበባችሁ በኋላ መሃሉ ሌላ ጣዕም ይኖረዋል። ሁሉን በአንድ ሳምንት መጨረስ ግን አልመክርም፤ ለዓመታት የተጻፈ ነገር በአንድ ጊዜ ሲነበብ ድምፁ ይደክማል፣ የጸሐፊው አመሎችም ከልክ በላይ ጎልተው ይታያሉ።

ጥሩ ጥሩዎቹን እንዴት አገኛለሁ?

በፍለጋ ሞተር ብቻ ከተማመናችሁ ብዙ አታገኙም፤ መጀመሪያ የሚወጡት ለመሸጥ የተጻፉት ናቸው። የተሻለው መንገድ ከሰው ወደ ሰው መሄድ ነው። የምትወዱት አንድ ጦማር ካለ ጸሐፊው ማንን ያነባል? ብዙዎች በገጻቸው ጠርዝ የሚያነቧቸውን ይዘረዝራሉ፤ በጽሑፋቸው ውስጥም ሊንክ ያስቀምጣሉ። ከአንዱ ወደ ሌላው በዚህ መንገድ የሄደ ሰው ባንድ ምሽት ውስጥ ለወራት የሚበቃ ንባብ ያገኛል።

ካገኛችሁ በኋላ እንዳትረሱት አር ኤስ ኤስ የሚባለውን ተጠቀሙ። በ1999 ኔትስኬፕ የተባለው ኩባንያ ያወጣው ቀላል ዘዴ ነው፦ ጦማሩ አዲስ ጽሑፍ ሲያወጣ ማንበቢያችሁ ራሱ ያመጣላችኋል፤ ቅደም ተከተሉ በቀን ነው፣ ማንም አይመርጥላችሁም። ጉግል ሪደር የሚባለው ዝነኛ ማንበቢያ በጁላይ 2013 ሲዘጋ ብዙዎቻችን በጣም አዝነናል፤ ብዙ አንባቢም ያኔ ከጦማር ተለየ። ዘዴው ግን አልሞተም፤ ፊድሊንና ኢኖሪደርን የመሳሰሉ ማንበቢያዎች ዛሬም ይሠራሉ። ይህ የማይመቸው ሰው በኢሜይል ይመዝገብ፤ በ2017 ሰብስታክ የተባለው ጽሑፍን በኢሜይል የመላኪያ አገልግሎት ከመጣ ወዲህ ብዙ ጦማሪ ጽሑፉን በኢሜይል ይልካል። ደብዳቤው እንደገና ደብዳቤ ሆነ ማለት ነው።

በጦማር ላይ የተጻፈን ማመን ይቻላል?

እንደ ጸሐፊው ነው። ጥቂት ምልክቶችን አያለሁ። ሲሳሳት ስሕተቱን በግልጽ ያርማል ወይስ ዝም ብሎ ያጠፋዋል? የሚያውቀውን ከሚገምተው ለይቶ ይናገራል? ምንጩን ለማየት መንገድ ይሰጣል? ስለ አንድ ዕቃ ሲያመሰግን ዕቃውን በነጻ አግኝቶት እንደሆነ ይናገራል? ይህ የመጨረሻው ጉዳይ ቀላል አይደለም፤ የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2009 ባሻሻለው መመሪያ ጦማሪዎች ለሙገሳቸው ገንዘብ ወይም ዕቃ ከተቀበሉ ለአንባቢ እንዲያሳውቁ ጠይቋል።

ከእነዚህ በላይ የምተማመነው በጊዜ ነው። አንድ ሰው ለስድስት ዓመት ሲጽፍ ካነበባችሁት የት ላይ እንደሚያጋንን፣ በምን ጉዳይ ቁጣው ፍርዱን እንደሚቀድም ታውቃላችሁ። ወዳጅን እንደዚሁ እኮ ነው የምናምነው፤ ድክመቱን አውቀን። ጤናን፣ ሕግንና ገንዘብን በሚመለከት ግን የምትወዱት ጦማሪ እንኳ የተናገረውን ከባለሙያ ጋር ሳታመሳክሩ እንዳትወስዱ አደራ እላለሁ።

የሌላውን ሰው የግል ሕይወት ማንበብ ነውር አይሆንም?

ራሱ መርጦ የጻፈውን ማንበብ ነውር የለበትም። ጥያቄው የሚከብደው ያልመረጡ ሰዎች ሲገቡበት ነው፦ ልጆች፣ የትዳር ጓደኛ፣ የሥራ ባልደረባ። ሄዘር አርምስትሮንግ «ዱስ» በተባለው ጦማሯ ላይ ስለ ሥራ ቦታዋ በመጻፏ በ2002 ከሥራ ተባረረች፤ የጦማሩ ስምም በእንግሊዝኛ «በጻፉት ምክንያት ከሥራ መባረር» የሚል ትርጉም ያለው ግሥ ሆነ። በኋላ ስለ እናትነትና ከወሊድ በኋላ ስለሚመጣ የመንፈስ ጭንቀት የጻፈችው ለብዙ እናቶች መጽናኛ ሆኗል። ስለዚህ ሁለቱንም አያለሁ። እኔ በበኩሌ ልጁ አድጎ ቢያነበው ይሸማቀቅበታል ብዬ ያሰብኩትን ገጽ ዘግቼ እወጣለሁ።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት የጻፈውን ከሰው ጽሑፍ እንዴት ልለይ?

ፍጹም መለያ የለም። ግን ያቺን ሞላ አስታውሱ፦ ከየት ተስፈንጥራ የት እንደተገኘች፣ በመካከሉ ምን እንደተሞከረ። ምንም ያልጠፋበት፣ ምንም ያልደከመበት፣ የትም ያልነበረ ጸሐፊ የሚጽፈው ሁሉ ልክ ሆኖ የማንም ያልሆነ ጽሑፍ ነው። ሲጠራጠሩ የቆዩ ጽሑፎቹን ማየት ይረዳል፤ የዐሥር ዓመት ማኅደር ያለው ሰው ዐሥር ዓመት ኖሯል።

የምወደው ጦማር ቢቆም ወይም ገጹ ቢጠፋስ?

ይቆማል። አብዛኞቹ ይቆማሉ፤ ሥራ ይበዛል፣ ጤና ይጓደላል፣ ወይም የሚባለው ተብሎ ያልቃል። ፒፕስ ራሱ ያቆመው ዓይኑ እንዳይጠፋ ፈርቶ ነው፤ በ2012 የመጨረሻዋን ዕለት ያነበቡት ሰዎች አንድ ዘመድ እንደሸኙ ሁሉ ከሥር ስንብት ጽፈዋል።

የገጹ መጥፋት ግን ሌላ ኀዘን ነው። ጂኦሲቲስ የተባለው ሚሊዮኖች የግል ገጽ የከፈቱበት አገልግሎት በ2009 ሲዘጋ፣ ፈቃደኛ ሰዎች ተረባርበው የቻሉትን ያህል ገለበጡ እንጂ ብዙው በዚያው በቀረ ነበር። በ1996 የተመሠረተው ኢንተርኔት አርካይቭ ከ2001 ጀምሮ «ዌይባክ ማሽን» በሚባለው አገልግሎቱ የድሮ ገጾችን ለሁሉም ሰው ክፍት አድርጓል። የጠፋውን ጦማር አድራሻ እዚያ አስገብታችሁ ፈልጉ፤ ዕድለኛ ከሆናችሁ ይወጣል። ዛሬ ያለውንም አድራሻ ራሳችሁ አስገብታችሁ እንዲቀመጥ ማድረግ ትችላላችሁ፤ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። እኔ ይህን ሳላደርግ ቀርቼ አንድ ያጣሁት ጦማር አለ። መርከቦችን የሚመራ የባሕር መብራት ማማ ጠባቂ የነበረች አንዲት ሴት ስለ ጉም የጻፈችው ነበር። ስለ ጉም ብቻ! የጉም ዓይነቶች፣ የጉም ሽታ፣ ጉም ውስጥ ድምፅ ከየት እንደሚመጣ ለማወቅ አፍን ከፍቶ ማዳመጥ እንደሚሻል። አድራሻውን ዛሬም በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ስከፍተው ግን ባዶ ገጽ ነው።

ለጦማሪው መጻፍ ተገቢ ነው? ምን ልበለው?

ተገቢ ነው፤ ጻፉለት። ብዙ ጦማሪ የሚደርሰው ነቀፌታ ወይም ዝምታ ነው። ወዶ ያነበበ ሰው አንብቦ ይሄዳል፤ የተናደደው ነው ቆሞ የሚጽፈው። ረጅም ውዳሴ አያስፈልግም። የትኛውን ጽሑፍ እንዳነበባችሁ፣ የት ሆናችሁ እንዳነበባችሁት፣ ምን እንዳስታወሳችሁ ንገሩት፤ ጥያቄ ካላችሁ አንድ ብቻ ጠይቁ። ካልመለሰ አትቀየሙ።

ለሰዓት ሠሪው የጻፍኩለት ከአራት ዓመት ንባብ በኋላ ነበር። ሰዓት እንደማላውቅ፣ ግን ስለዚያች ሞላ የጻፈውን በየዓመቱ እንደማነበው ነገርኩት። ሦስት ሳምንት ዝም አለ። ከዚያ አጭር መልስ መጣ። ያን ጽሑፍ ሊያጠፋው ነበር፤ ሁለት ቀን ወለል ላይ የዳኸ ባለሙያ ማን ያምነዋል ብሎ። ከመልሱ ጋር አንድ ፎቶግራፍ አያይዞ ነበር፦ የተጠቀለለ ሰማያዊ እጅጌ፣ ጫፉ ላይ በነጭ ክር የተሰፋች ትንሽ ክብ ምልክት። «እዚህ ነበረች» ይላል።